ለኮንቴይነር የሚቆጠር፣ ለሹፌር የማይቆጠር ቀን

ጅቡቲ የወረደ ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ጊዜ አንድ ቀን ካለፈ የመዘግየት ክፍያው፣ ዲመሬጁ፣ ይሰላል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ ሳይነሳ ቢከርም የማከማቻ ይከፈልበታል። ባዶውን አዘግይቶ የመለሰም አይማርም። ያንኑ ኮንቴይነር ጭኖ የመጣው ሹፌር ግን ተራ እስኪደርሰው ጋቢናው ውስጥ ሁለት ሌሊት ቢያድር የትም አይጻፍለትም። ለባለንብረቱ መኪናው «ቆሟል»፤ ሹፌሩም ስላልነዳ «አርፏል» ይባላል። ስለ ከባድ መኪና ሹፌሮች የሥራ ሰዓትና ዕረፍት ምዝገባ በተነሳ ቁጥር እኔን የሚከነክነኝ ይኼ መሪ ሳይያዝ የሚያልፈው ሰዓት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ ደንግጓል። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባል፤ አሠሪውም ይህንን በመዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። አዳማ ላይ ሻይ ለሚጠጡ ሹፌሮች ይህን አንብቡላቸውና መልሳቸውን ስሙ። ከአዳማ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ተሄደ ብንል መሪ ላይ ብቻ 16 ሰዓት ይፈጃል። ኬላው፣ ጉምሩኩ፣ ጎሚስታው፣ ሸራ መፍታትና ማሰሩ ገና አልተነካም።

ታዲያ ሰውየው ለምን አይቆምም? ገንዘቡ ያለው ምልልሱ ላይ ነዋ። ብዙዎቹ በደመወዛቸው ብቻ ቤት አያስተዳድሩም፤ ጎጆ የሚያቆመው አበሉና በምልልስ የሚታሰበው ነገር ነው። በወር አንድ ምልልስ የጨመረ ሹፌር ጎበዝ ተብሎ አዲሱ መኪና ይሰጠዋል። ሰልፍ ላይ የባከነው ቀን የሚካካሰው መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ከእንቅልፍ በቀር የሚቀነስ ነገር የለም።

አየሩም የራሱን ሕግ ያወጣል። ወለንጪቲን አልፈው ወደ መተሐራ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጀምራል፤ አዋሽን ተሻግረው ገዋኔና ሚሌ ሲደርሱ የእኩለ ቀኑ አስፋልት ጎማ ያፈነዳል። ነገሩን የሚያውቅ ሹፌር ስለዚህ ቀን ቆሞ ሌሊት ይነዳል። መዝገብ ቢኖረው ኖሮ ቀኑን ሙሉ እንዳረፈ ይጻፍለት ነበር። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ጥላው በዞረ ቁጥር አብሮ እየዞረ ነው፤ ላቡ ያነቃዋል፣ ዝንቡ ያነቃዋል፣ ጭነቱን ሊያይ ደግሞ በየመሀሉ ቀና ይላል። አጠገቡ የጫት ፌስታልና የለስላሳ ጠርሙስ አለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሞተር የሚያስነሳው በምርቃናው ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ምርቃናው ሲከዳው መሪውን ለረዳቱ የሚለቅም አለ፤ ረዳቱ የዚያ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ በዚያ ሰዓት ማን አለ? ጫቱን መኮነን ቀላል ነው፣ እኔም አልወደውም። የተመደበለት ሰዓት ግን ያለ ጫት የሚሞላ አይደለም።

«ጂፒኤስ እኮ ተገጥሟል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ ድርጅት ገጥሟል። ግን መሣሪያው የሚጠየቀው ናፍጣው የት እንደገባና መኪናው ለምን እንደቆመ ነው። ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ቆም ስትል ስልክ ይደወላል። ስድስት ሰዓት ሳታቋርጥ ስትሄድ «ምነው አልቆምክም?» ብሎ የሚደውል ስምሪት ክፍል አጋጥሟችሁ ያውቃል? መረጃው ያው አንድ ነው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ሹፌሩ ጣቢያ ያድራል፣ መዝገቡ ባለንብረቱ ቢሮ ይቀራል።

አውሮፓ ውስጥ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ የቀኑ ጣሪያ 9 ሰዓት ሆኖ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ይፈቀዳል። ይህን የሚመዘግበው ታኮግራፍ ነው። እዚያ አገልግለው ወደ እኛ የመጡ ቮልቮና መርቸዲሶች ዳሽቦርዳቸው ላይ ይዘውት መጥተዋል፤ እዚህ ሲደርስ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካ ከፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ጀምሮ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ አስገድዳለች፤ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቀዳል። እዚያ ትልልቅ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ስለዚህ ሰዓት ሲያማርሩ የሚያነሱት የመጋዘን ደጃፍ ጥበቃን ነው፤ ጭነት እስኪወርድ ቢቆሙም 14 ሰዓቱ መሮጡን አያቆምም። ሕጉ ከጸና በኋላ የተደረገ ጥናትም የትናንሽ ድርጅቶች ሹፌሮች ፍጥነት መጨመራቸውን አሳይቷል። የሚከፈላቸው በማይል፣ የሚቆጠርባቸው ደግሞ በሰዓት ከሆነ ሌላ ምን ያድርጉ?

እንዲህ ያለው የሰዓት ሕግ ብቻውን ወደ እኛ እንዳይመጣ እፈራለሁ። ነገ አንድ መመሪያ ወጥቶ በየ4 ሰዓቱ ቁሙ ቢል፣ የት? ሹፌር እየታገተ ገንዘብ በሚጠየቅበት አገር ጨለማ ውስጥ ዳር ይዞ ተኛ የሚል ትእዛዝ የሚሰማ የለም። ከአዳማ እስከ አዋሽ ባሉት ከተሞች ጥበቃ፣ መብራትና ውኃ ያለው የከባድ መኪና ማቆሚያ መቅደም አለበት። የመንገድ ዳር ሆቴል ግቢ ማደሪያ አይሆንም፤ ከነተሳቢው የሚገባው ስንቱ ነው?

ባለንብረቶች የማጓጓዣ ዋጋ ይንራል ይላሉ። ይጨምራል፣ አልክድም። ናፍጣውና ጎማው ታሪፍ ውስጥ ይሰላሉ፤ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ቀን ግን እስከ ዛሬ በነፃ ነበር። ጭነቱን ያዘገየው አስመጪ ይሁን ወደቡ ወይም ጉምሩኩ፣ ያዘገየው ይክፈል።

መዝገቡን ለመጀመር ውድ መሣሪያ መጠበቅም አያስፈልግም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ጀምሮ የክፍያ ጣቢያዎቹ መኪና ሲገባና ሲወጣ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ክፍያው ያለዚያ አይሰላማ። ሞጆም በሩ ላይ መኪናው የመጣበትን፣ መጫን ወይም ማራገፍ የጀመረበትንና የወጣበትን ሰዓት ጽፎ አንዱን ቅጂ ለሹፌሩ ይስጠው፤ ሌላውን ለባለንብረቱ።