አዲሱን እትም ልግዛ ወይስ በአሮጌው ልጫወት?

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው፥ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የጀግናን ጠባይ ወስደው የሚጫወቱት የአሜሪካ ጨዋታ፥ በ1974 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ደንቡ ደጋግሞ ታርሟል። የ2014ቱ አምስተኛ እትም በ2024 ተሻሽሎ ሲወጣ የተጫዋቹ መጽሐፍ ዋጋ 50 ዶላር ያህል ሆነ፤ ይህም ለተማሪና ለጀማሪ ጸሐፊ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በቀድሞው ደንብ ጀግናው የጉልበትና የብልሃት ጭማሪ የሚያገኘው ከዘሩ ነበር፤ በአዲሱ ግን ከቀድሞ ሥራውና ከኑሮው ነው፤ ይህን እኔ ወድጄዋለሁ። ሆኖም ጓደኞችህ ጀብዱውን አጋምሰው ከሆነ ደንብ እንለውጥ ብለህ አትነሣ፤ ማኅበሩ በክርክር የፈረሰ እንደ ሆነ መጽሐፉ ብቻውን አያጫውትህም።

ገና ጀማሪ ከሆንክ አዲሱን ያዝ። አሮጌው በእጅህ ካለ ግን አሳታሚው በነጻ የሚሰጠውን መሠረታዊ ደንብ አስቀድመህ ለአንድ ምሽት ሞክረው፤ የቀድሞዎቹ የጀብዱ መጻሕፍትም በአዲሱ ደንብ ያገለግላሉና አትሽጣቸው።