«የእረኛ ምግብ» ላላችሁኝ

«መምህር፣ ልጆቻችንን የእረኛ ምግብ ብሉ ይላሉ እንዴ?» አሉኝ አንድ ወላጅ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ቀጋ ስላወራሁ። አዎ፣ እላለሁ!

ወገን፣ ቀጋ እኮ የጽጌረዳ ዘር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን የጠፋባቸው እንግሊዞች የዘመዱን ፍሬ ከየቁጥቋጦው በልጆች ጭምር አስለቅመው ለሕፃናት ሽሮፕ አደረጉት፤ ቫይታሚን ሲ ሞልቶበታላ! ይሄ ቫይታሚን ደግሞ በጤፍና በሽሮ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነታችን እንዲወስድ ያግዛል። እኛ ግን ቀጋውን ለአጥርና ለማገዶ ቆርጠን፣ ስኳርና ቀለም የተበጠበጠበትን ውሃ «ጁስ» ብለን ለልጅ እንገዛለን። ታዲያ ማፈር ያለብን በየቱ ነው?

ስትበሉት ግን ከፍላችሁ ውስጡን ጥረጉ፤ ፀጉሩ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ይህን ዲፕሎማዬ አልነገረኝም፤ እረኛ ነው ያስተማረኝ።