ክብሪቱ ይቅር
በመርካቶ፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ሰው ይከበዋል፤ አንዱም ክብሪት ጭሮ ጢሱን ያሸተዋል። ይህ ልማድ ይቅር እንላለን።

ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ግንድ ነው፤ በደም ውስጥ የተቃጠለ አየር ሲበዛ ሳንባ ቶሎ ቶሎ እንዲተነፍስ ያደርጋል። በሽታው ሲነሣ ግን ይህ ትእዛዝ ሊቋረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕመሙ አሚግዳላ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ሲዛመት ትንፋሽ ሊቆም እንደሚችል ገልጸዋል።

ታዲያ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ጢስ መስጠት ምን ይሉታል? ከበባውን እንበትን፤ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግለት፤ በአፉ ምንም አንክተት፤ መንፈራገጡ ሲበርድለት በጎኑ እናስተኛው፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ዘንድ እናድርሰው። ምራቁ በሽታውን አያጋባም። ይህን እያወቅን ለተሸካሚውም ለነጋዴውም ካላስረዳን መማራችን ለማን ነው?