ስለ አንዲት ጠባብ ቤት የሚቀርብ ውዳሴ

በደቡብ አፍሪካ፣ ከጆሐንስበርግ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በሶዌቶ፣ በቪላካዚ ጎዳና ላይ ቁጥሯ 8115 የሆነ አንዲት የጡብ ቤት አለች። ኔልሰን ማንዴላ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ የኖሩባት ቤት ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል)። በ1997 ለቅርስ ባለአደራ ማኅበር ስለ ሰጧት ዛሬ ሙዚየም ሆናለች። ይህችን ቤት አይቶ የሚመለሰው ብዙ ሰው፣ ከአገራችን የሄደው ጭምር፣ አንድ ዐይነት ውዳሴ ይዞ ይመጣል። «እንዴት ያሉ ትሑት ሰው ነበሩ! በዚህች ጎጆ መኖራቸው ያስደንቃል!» ይላል። እኛ በበኩላችን ይህን ውዳሴ አንቀበለውም። ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ክስ ሊሆን የሚገባውን ነገር ምስጋና አድርጎ ያቀርባል።

ቤቲቱን እኛም ተዘዋውረን አይተናታል፤ ለመዘዋወር የሚበቃ ስፍራ አላት ከተባለ ነው። ስትሠራ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ክፍሎቿ ሦስት ብቻ ነበሩ። ኤሌክትሪክ አልነበራትም፤ መጸዳጃውም በጓሮ የተቀመጠ ባልዲ ነበር። መኝታ ቤቱ አንድ ሰፊ አልጋ ሲገባበት ወለሉ ያልቃል። እርሷን የሚመስሉ ብዙ ቤቶች በዚያው ሰፈር ተደርድረው ስለ ተሠሩ አገሬው «የክብሪት ሣጥን» ይላቸዋል።

ትሕትና ማለት ትልቁን ለመምረጥ የሚችል ሰው ትንሹን ሲመርጥ ነው። ማንዴላ ምን ምርጫ ነበራቸው? በ1952 ከኦሊቨር ታምቦ ጋራ በጆሐንስበርግ የጥብቅና ቢሮ የከፈቱ ሰው ናቸው። ነጭ ቢሆኑ ኖሮ ከቢሯቸው ብዙ ሳይርቁ መልካም ቤት በገዙ ነበር። ጥቁሮች ግን ከጥቂት ስፍራዎች በቀር በከተማ መሬት እንዳይገዙ ሕግ ከልክሏቸው ስለ ነበር፣ ጠበቃውም፣ ነርሷም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም የማዘጋጃ ቤት ተከራይ ሆነው በአንድ ዐይነት ሣጥን ኖሩ። በዚሁ ጎዳና ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ቤት ነበራቸው። አንዱ በ1984፣ ሁለተኛው በ1993 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙ ሁለት ሰዎች በአንድ ጎዳና መገኘታቸውን አስጎብኚዎች በኩራት ይናገራሉ፤ ይገባቸዋልም። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጎረቤት ያደረጋቸው ዕድል ብቻ ሳይሆን፣ ጥቁር ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ መታጎሩ ነው።

ይህን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይልቅ ልናውቀው በተገባን ነበር። ማንዴላ በ1962 በድብቅ ከአገራቸው ወጥተው አዲስ አበባ መጡ፤ በአፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተናገሩ፤ ሌሎች አገሮችን ዞረው ተመልሰውም በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ጀመሩ። ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ሳይፈጸም ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ብዙም ሳይቈዩ ተያዙ። በቤቱ ጠባብነት ረክቶ የሚኖር ሰው ተኩስ ለመማር ኮልፌ ድረስ ይመጣልን?

ውዳሴው ሌሎች ሰዎችንም ይሸፍናል። ባላቸው ሕግ ሲማሩ በነርስነት ደመወዛቸው ቤቱን የደገፉት ወይዘሮ ኤቭሊን ነበሩ። ከ1958 ጀምሮ ደግሞ ወይዘሮ ዊኒ ሁለት ሴት ልጆች እያሳደጉ፣ ፖሊስ በሌሊት በር እየደበደበባቸው፣ በ1977 ወደ ብራንድፎርት እስኪጋዙ ድረስ ኖረውባታል። ማንዴላ ከ27 ዓመት እስራት በኋላ በ1990 ተመልሰው የቈዩባት 11 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1988፣ ቤቲቱ ተቃጥላ ነበር። ያቃጠሏት ፖሊሶች አልነበሩም። በወይዘሮ ዊኒ ዙሪያ ተሰብስበው የእግር ኳስ ቡድን ከሚባሉት ወጣቶች ጋራ የተጣሉ የሰፈሩ ተማሪዎች ነበሩ። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንም በ1998 ቡድኑ ለሠራው ግፍ ወይዘሮ ዊኒን ተጠያቂ አድርጓል። ይህ ታሪክ ለውዳሴ አይመችም፤ ዛሬ የምናያት ቤት ግን ከዚያ እሳት በኋላ የታደሰችው ናት።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ለተማሪ ትሕትናን ማስተማር ምን ክፋት አለው?» ይሉናል። ክፋቱ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ በአንድ ክፍል ታጭቆ የሚያጠና ልጅ «ታላላቅ ሰዎችም እንዲህ ኖረዋል» ተብሎ ይሸነገልበታል፤ ቤት መሥራት የሚገባው ሹምም በዚሁ ቃል ይጽናናበታል። ማንዴላ ሕጉ በፈረሰ ጊዜ ሃውተን ወደሚባለው ሰፊ ሰፈር ተዛውረዋል፤ በ2013 ያረፉትም እዚያው በቤታቸው ነው። ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ጎብኚዎች አሉ። እኛን ግን ደስ አሰኝቶናል።

ስለዚህ ተማሪዎችን ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚያስገቡ መምህራን፣ በበሩም ላይ መግለጫ የሚጽፉ ሹማምንት፣ ስለ ባለታሪኩ ጠባይ ከመናገራቸው አስቀድመው የቤቱ ባለቤት ማን እንደ ነበረ፣ ኪራዩን ማን ይቀበል እንደ ነበረ፣ ተከራዩም ሌላ ስፍራ እንዳይኖር የከለከለው የትኛው ሕግ እንደ ሆነ ይንገሩን።