ፍጥነትን የሚለካ መቆሚያውንም ይለካ

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህችን አጭር አስተያየቴን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። በቅርቡ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንድ ጎረቤቴ በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ገዙና፣ «መምህር፣ ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት ይለኩልኝ» አሉኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ያልለካሁትን እንዳልመሰክር ተምሬአለሁና እሺ አልኋቸው። አንድ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ብሎ ሳለ፣ ሰዓት ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። መኪናይቱ ተወርውራ ፍጥነቷ ስድሳ ሲደርስ አንዲት መንገድ ጠራጊ እናት መጥረጊያቸውን እንደያዙ ከዳር ብቅ አሉ። ጎረቤቴ ፍሬን ረገጡ፤ መኪናይቱም ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። እናታችን ግን አልተቈጡም፤ «ልጆቼ፣ እኔ'ኮ በሥራዬ ላይ ነኝ» ብቻ አሉን። ሰዓቱን የያዝሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔም ነው።

ወደ ቤቴ ተመልሼ አስቀድሞ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን ሒሳብ ሠራሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 28 ሜትር ያህል መሄድ ነው። ፍጥነቷ እኩል እየጨመረ በ10 ሰከንድ እዚያ የምትደርስ መኪና 139 ሜትር ያህል ትጓዛለች። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ 28 ሜትር ይጨመራል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ደግሞ ጥሩ ፍሬን እንኳ 40 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 207 ሜትር ነው። በከተማችን ውስጥ ሰው የማያቋርጠው 207 ሜትር መንገድ ወዴት ይገኛል?

ልኬቱም ራሱ ትክክል አልነበረም። የመኪና ፍጥነት መቍጠሪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ፣ አብዝቶ ቢያሳይ ግን በተወሰነ ልክ እንዲፈቀድለት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ስለዚህ መርፌው መቶ ላይ ሲደርስ መኪናይቱ ገና መቶ ላትደርስ ትችላለች። መንገዱም ጥቂት ቢያዘቀዝቅ ውጤቱ ይለወጣል፤ ስለሆነም አዋቂዎች በአንድ መንገድ ላይ ሄደውና ተመልሰው አማካዩን ይወስዳሉ። እንዲሁም ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ አየር የሚያምቅ መሣሪያ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይሻምና እንደዚያ አይደክምም፤ ከመነሻውም ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተገለጠ ወዲህ እነዚህ መኪናዎች እየበረከቱ ስለ ሄዱ ጥንቃቄያችንም አብሮ መጨመር ይገባዋል።

መለካት ለሚወድ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ከመኪናው ጣራ ውስጡን በአጭር ክር ትንሽ ክብደት ያንጠልጥል፤ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይነሣ። በ10 ሰከንድ መቶ ለመድረስ የሚበቃ አነሣሥ ክሩን 16 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብለዋል፤ ክሩ ቢወዛወዝ የመካከሉን ይያዝ። ለዚህ የሚያስፈልገው 6 ሜትር ያህል መነሻና ያንኑ የሚያህል መቆሚያ ነው። የመነሻ ጉልበቷን ለማወቅ ይህ ይበቃል።

የከተማችን ኃላፊዎችም ሰው የማይገባበት ሜዳ ለዚሁ ጉዳይ በተወሰነ ሰዓት ቢፈቅዱ መልካም ነው። እኛ ገዢዎች ግን «በስንት ሰከንድ ትነሣለች?» ከማለታችን በፊት «በስንት ሜትር ትቆማለች?» ብለን እንጠይቅ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አስተምር ነበር፤ እኔ ግን የተማርሁት በዚያች ማለዳ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ