የወረታ ምርጥ ሰፈር የቱ ነው?

«ከወረታ የት ሰፈር ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ሰምቶ ማርክ ይሰጣል። አስፋልት ዳር ካልክ «አሪፍ ነው!» ይልሃል። ወደ ጣና ወረድ ብለህ ናበጋ ወይም ዋገጠራ ካልክ ግን «ውይ! ያ ጎርፍ የሚበላው?» ነው የምትባለው። አክስቴ ሜዳው ላይ ስለምትኖር ይህችን «ውይ» ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

እርግጥ አስፋልቱ ጥሩ ነው። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያው ጋር የሚገናኘው ወረታ ላይ ነው፤ ሆቴሉም የሩዝ መፈልፈያውም እዚያው ነው። ሜዳው ደግሞ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ይጥለቀለቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል።

ግን እስቲ እንጠያየቅ፤ መፈልፈያው ውስጥ የሚገባው ሩዝ ከየት መጣ? ከዚያው ውኃ ከሚተኛበት ሜዳ አይደለም እንዴ? በደርግ ዘመን ሩዝ ፎገራ ላይ የተሞከረው ሌላው ሰብል ውኃውን ስለማይችል ነው። «መጥፎ» ያልነው ሰፈር «ምርጥ» ያልነውን ይቀልባል ማለት ነው።

ይህን ስል ጎርፍ ይመቻል ማለቴ አይደለም። የኔ ሚዛን አንድ ናት፦ ነሐሴ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት መድረስ ትችላለች ወይ? በዚህ ሚዛን ሜዳው ይወድቃል። የወደቀው ግን መንገዱ እንጂ ሰዉ አይደለም።

ነገ ማይክ የምንይዝ ልጆች ነን። «መጥፎ ሰፈር» ከማለታችን በፊት ምን እንደጎደለው ሄደን እንይ።