ከሰው ሠራሹ በፊት የእግዜሩ አስተውሎት ይቅደም!

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው። በሽታውን ሳይሸሽግ የተናገረ ሰው ምሥጢሩን የሚጠብቅለት ቢያጣስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ አክስቴን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምረን ተሰለፍን። እስከ 5 ሰዓት ካርዷ ጠፋ። «እማማ፣ ነገ ይመለሱ» ተባለች። በስንት ልመና ካርዱ ተገኘ፣ ሐኪም አያት፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላት። ወረቀቱን እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ወጣት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ካርዷን በገዛ ሞባይሉ ፎቶ አነሳና ለአንዱ የውጭ አገር ነፃ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም ሰጠው። በደቂቃ ውስጥ ቅልጥፍ ያለ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ወጣለት።

«ስሟንም ጭምር ነው የሰጠኸው?» አልኩት።

«ምን ችግር አለው ጋሼ? ማሽን እኮ ነው! ለማን ያወራል?»

ልጁ ክፉ አይደለም። ፊቱ የተኮለኮለውን ሕዝብ ማስተናገድ አለበት፤ አድርግ አታድርግ ያለውም የለም። የአክስቴን በሽታ እዚህ አልጽፈውም፤ ምሥጢሩ የሷ ነው። ያ ፎቶ ግን ስሟን ከነአያቷ፣ ወረዳዋን፣ ስልኳንና በሽታዋን ይዞ ባሕር ተሻግሯል። የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሚያየው ልጁም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ!

እኔ ማሽን ጠል አይደለሁም። ካርድ ሲጠፋ ሰው ይጎዳል። ቀጠሮ ቢደለድል፣ ያንድ ሰው ሁለት ካርድ ቢለይ፣ ኢንሱሊን የሚያልቅበትን ወር አስቀድሞ ቢጠቁም እሰየው ነው። ግን ኢንሱሊን ለመቁጠር የአክስቴ ስም ምን ያደርጋል?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቶናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበራል ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር ያወጣን ሐኪምና ነርስ ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ለመሆኑ ይኼን አዋጅ በየትኛው የካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተለጥፎ አይታችሁታል? አክስቴስ አቤት የምትለው የትኛውን በር አንኳኩታ ነው?

«ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ሕክምናው ይዳረስ» የሚሉን አሉ። ፈረንጁ ራሱ ምን እንደደረሰበት እንንገራቸው። ለንደን ውስጥ ሮያል ፍሪ የተባለው የሆስፒታል ድርጅት የ1.6 ሚሊዮን ሕመምተኞችን መረጃ ለጉግሉ ዲፕማይንድ ሰጠ። ዓላማው የኩላሊት አደጋን ቶሎ የሚጠቁም የስልክ ፕሮግራም መሞከር ነበር። ዓላማው መልካም ቢሆንም የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ሆስፒታሉ ሕግ ጥሷል አለ፤ ለሕመምተኞቹ በቅጡ አልተነገራቸውምና። ሥርዓት በማክበር ስሟ የተጠራው ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የ14,200 ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች መረጃ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱን ይፋ አድርጋለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም!

በኛ አገርማ ይብሳል። በሽታ ሲታወቅ ትዳር ይፈርሳል፣ አከራይ ቤት ያስለቅቃል፣ ሠፈር ያንሾካሹካል። አንዴ የተጋለጠ ሰው ዳግመኛ ሐኪም ፊት ቀርቦ እውነቱን ይናገራል? አይናገርም! ያን ጊዜ ያገሬ ሰው ተረት ይደርሳል፤ የሸሸገው መድኃኒት አይገኝለትም። ምሥጢር መጠበቅ ማለት ማከም ማለት ነው የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሪባን ለመቁረጥ መቀስ የሳላችሁ ባለሥልጣኖች ስሙን። ከመቀሱ በፊት እነዚህን አሟሉ። ሠራተኛው የሕመምተኛ ካርድ በግል ሞባይሉ ፎቶ እንዳያነሳ ከልክሉ፤ ስትከለክሉ ግን የሚሠራበትን ስጡት። ማሽኑ እዚሁ አገር፣ በሆስፒታሉ ቁጥጥር ሥር ይሥራ። የማን ካርድ በማን፣ መቼ እንደተከፈተ ይመዝገብ። ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ዕድሜዋ፣ ወረዳዋና ያልተለመደው በሽታዋ ተጠቅሶ ከወጣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። ሕመምተኛዋ በሚገባት ቋንቋ ትጠየቅ፤ «እምቢ» ብትል ሕክምናዋ አይጓደልባት። ከኩባንያ ጋር የምትፈራረሙትን ውልም ሕዝብ ይየው።

ስሙን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብላችሁታል። ጥሩ ስም ነው። ግን ሰው የሠራውን አስተውሎት ከማስገባታችሁ በፊት እግዜር የሰጣችሁን ተጠቀሙበት። አለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን!